ወደ ኋላ የቆጠረ ቆጣሪ

ቧንቧ ሠራተኛው የታንከሩን ክዳን የከፈተው ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መልሶ አልከደነውም። ሮጦ ከግቢው ወጣና ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። እኛ ስንደርስም እዚያው ነበር፣ መፍቻውን እንደጨበጠ።

«ውሃ ቀጠነብን ብለው ነው የጠሩኝ» አለ። «መውጫው ላይ ጨርቅ ተወትፏል። ስስበው ሻርፕ ነው። ደግሞ ስስበው ከባድ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ክዳኑን ከፈትኩ። በቃ፣ ከዚህ በላይ አታስወሪኝ።»

አላስወራሁትም።

ታንከሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። ክዳኑ ብረት ነው፣ ጠንካራ ሰው ብቻውን ያነሳዋል። ውስጥ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ነች፣ የቤቱ የቀድሞ ተከራይ። ጭንቅላቷን ከኋላ ተመትታለች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው።

አዲሷ ተከራይ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ነርስ ነች። የሰባት ዓመት ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛላታለች።

«መቼ ገባሽ ሲስተር?»

«ቅዳሜ ጠዋት። ቁልፉን ደላላው ሱቁ ጋ ትቶልኝ።»

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን» አለች። ከዚያ ልጇ እንዳትሰማ ዝቅ ብላ፣ «በዚህ ውሃ ገላዋን አጥቤያታለሁ። ሻይ አፍልቻለሁ» አለችኝ።

ሳጅኑ ቀደመኝ። ጣቢያ «ዝምታ» ነው የምንለው፣ አፉ ስለማያርፍ።

«የፈላ ነገር አይጎዳም እህቴ» አላት።

ገላመጥኩት።

«የት ልሂድ?» አለች ነርሷ። «የድሮው ቤቴ ሰው ገብቶበታል። ውሃውን አዘግቼ፣ መብራቱን አዘግቼ፣ ቁልፍ አስረክቤ ነው የወጣሁት። ዕቃዬ ሁሉ እዚህ ነው። በሩ ደግሞ አልተሰበረም። መስኮቱም አልተሰበረም። አይቻለሁ፣ ሁሉንም ዞሬ አይቻለሁ።»

«እንግዲህ የገባው ሰው ቁልፍ አለው» አልኩ።

ማለት አልነበረብኝም። ልጅቷ ሰማችኝ። በሩን ዞራ አየችው።

*

«ውሃው በረዶ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከሦስት ቀን እስከ ሰባት ቀን ትሆናለች። ከዚህ በላይ ብታንቂኝም አልናገርም።»

ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ግማሽ ከተማ መጠርጠር ይቻላል። ያጠበበልን የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው። ቀጭን ሰውዬ፣ ባጁን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መዝገቡን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ መጣ።

«ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት አንብቤያለሁ» አለ። «አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ይኸው ተጽፏል።»

«ሴትየዋን አየሃት?»

መዝገቡን ከድኖ ብብቱ ውስጥ መለሰ። «በሩን ከፈተችልኝ።»

«ምን ለብሳ ነበር?»

«እ… ቀሚስ።»

«ምን አለችህ?»

«ምን ትላለች፣ ‹ቶሎ ጨርስ፣ ሥራ አለኝ› አለች። ሁሌም የምትለኝ እሱን ነው።»

ሐሙስ አራት ሰዓት በሕይወት ነበረች። ከሐሙስ እስከ አርብ። ሁለት ቀን ብቻ። ሳጅኑ ደስ ብሎት አንባቢውን ጨብጦ ሸኘው።

*

የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት ፀጉር ሠሪ ነች። ቤቷን ዘግታ፣ መጋረጃ አውርዳ፣ መስታወቶቹን በፎጣ ሸፍና አገኘኋት። ጥግ ላይ የልብስ ሰፊዋ ዕቃ በካርቶን ተደርድሯል።

«ያለፈው ሳምንት ሰኞ ነው እኔ ጋ ያመጣችው» አለች። «እሷ ግን ባዶ ቤት ተመልሳ ሄደች። ሐሙስ አንባቢው ይመጣል፣ የመዝጊያ ንባብ ሳይወሰድ፣ ውሉ ከስሜ ሳይወርድ ንቅንቅ አልልም አለችኝ። ሰው የበላውን መብራት በኔ ስም እንዲቆጥሩ አልፈልግም አለች። ባዶ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፋ፣ ካውያዋን ብቻ አስቀርታ።»

«ከሰኞ በኋላስ?»

«ማክሰኞ ከሰዓት በስልክ ተጣላን። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። እሷ ስታኮርፍ እንዲህ ነች። ልጅ ሆና አልጋ ሥር ነበር የምትገባው፣ አሁን ደግሞ ስልክ ታጠፋለች። እኔም ‹ታኩርፍ› አልኩ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

ፎጣ አንስታ አጠፈች፣ ደግሞ ፈታችው።

«ቤቴ ሰው ይገባል ትለኝ ነበር። መቀሴ ቦታው አይደለም። ያጠፍኩት አንሶላ ተፈቶ ታጥፏል። አንድ ቀን ማታ ከሱቅ ስገባ ካውያው ሞቆ ጠበቀኝ አለች። ቤቱን የምለቀው ለዚህ ነው አለች። እኔ ምን አልኳት? ‹ጭንቅላትሽን ታዪው› አልኳት።»

«ማንን ነበር የጠረጠረችው?»

«ማንን ትጠርጥር። ባሏን። የቀድሞውን።»

*

ባልየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እጁ የሰው ፊት ያክላል። ማክሰኞና ረቡዕ ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነበር፣ የሚዛን ጣቢያ ወረቀት አሳየን። ሐሙስ ንጋት ላይ ከተማ ገባ። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል።

«ሐሙስና አርብ የት ነበርክ?»

«መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ጎማው።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ለአራት ቀን ያልተኛ ሰው ምስክር ይዞ አይተኛም።»

«አስፈራርተሃታል። ጎረቤት ሰምቷል።»

«ስንፋታ ጊዜ ጮኼያለሁ። ማን ያልጮኸ አለ።» ጠረጴዛውን ያየዋል እንጂ እኔን አያየኝም። «የዛሬ ዓመት ቁልፉን አስቀየረችው፣ ከኔ ፈርታ። ከኔ!»

«ማን ቀየረላት?»

«ደላላው ይሆናላ። ያ ሰውዬ ያልገባበት ቤት የት አለ።»

ሰማሁት። ግን አልሰማሁትም። ሾፌሩን አሰርነው።

አከራይዋ እማማ ግን ቁልፏን ክር አድርጋ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። «ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው ልጄ» አለችኝ፣ ደረቷን ደብድባ። «አንዱ የሷ፣ ቀይ ክር ያሰረችበት፣ አንዱ ይኸው።»

*

ደላላውን ሁሉም ሰው ይወደዋል። «ምንችግር» ነው የሚሉት። «ምን ችግር አለው» ሳይል ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ። ቢሮው ስልኩ ነው። ጣቢያ የመጣው ሳንጠራው ነው፣ ለነርሷ ልጅ ብስኩት ይዞ።

«እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው እኮ» አለ። «ያቺ ስትወጣ ይቺ እንድትገባ። ምነው እጄን በቆረጠው።»

«የት ነበርክ?»

«ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ነኝ። የዘመድ ሰርግ። እሁድ ጠዋት ነው የተመለስኩት።» ስልኩን ከፈተልን። አርባ ሰው መሀል ሲጨፍር። ሸሚዙ ላብ በላብ። «ይኸውላችሁ። ስብ ሲጨፍር አያምርም፣ ግን ምን ችግር አለው።»

ሳጅኑ ሳቀ። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

«ሲስተርን አደራ» አለ ሲወጣ። «ምስኪን ነች። ሌላ ቤት እፈልግላታለሁ። ውሃውንም መብራቱንም በስሟ የማዞርላት እኔ ነኝ፣ ቢሮ ለቢሮ አትንከራተትም።»

*

ረቡዕ ጠዋት ነርሷ ጣቢያ መጣች። ልጇን ትምህርት ቤት አልላከችም። ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ተረኛ ክፍል ውስጥ አድረዋል፣ በአንድ አልጋ።

«ዕቃዬን ላውጣ?» አለች። «በቀን። ደላላው መኪና አመጣልሻለሁ ብሎኛል።»

«አውጪ። እኛ ጨርሰናል። ሰውዬውም ታስሯል።»

አልሄደችም። ቦርሳዋን ትፈታለች፣ ትዘጋለች።

«እሱ ነው? እርግጠኛ ነሽ?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እሁድ ማታ ልጄን ይዤ ከሥራ ስገባ የልጄ አልጋ ላይ… ሰው ተቀምጦ የተነሳ ይመስላል። አንጥፌው ነው የወጣሁት። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።» ለመሳቅ ሞከረች። «እዚያ ቤት ልክ የሆነ ነገር የለም። ቆጣሪው እንኳን ልክ አይደለም።»

«የቱ ቆጣሪ?»

«የመብራቱ። ደላላው ሰርግ ሄዶ ሲዘገይብኝ ሰኞ ጠዋት ራሴ ስም ላዞር መብራት ቢሮ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ መለሰችኝ። ‹ያመጣሽው ቁጥር እኛ ጋ ካለው ያንሳል። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይቆጥራል እንዴ? ሂጂና ዓይንሽን ከፍተሽ አንብቢ› አለችኝ። እኔ ደግሞ አንብቤያለሁ። ፎቶ ሁሉ አንስቻለሁ።»

ስልኳን ሰጠችኝ። ቅዳሜ ጠዋት። አራት ሺህ አራት መቶ ሁለት።

የሐሙሱ አሥራ ሰባት ነው።

ሁለት ጊዜ አየሁት። ሦስተኛ አየሁት።

«ቤት ስትደርሺ የዛሬውን አንስተሽ ላኪልኝ» አልኳት። «ወዲያው።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላከችልኝ። አራት ሺህ አራት መቶ ዘጠኝ። አዲሷ ተከራይ ገብታ፣ ምጣድ ሳይቀር ሰክታ፣ አምስት ቀን ሙሉ እየቆጠረ፣ ገና ሐሙስ ላይ አልደረሰም።

*

አንባቢውን ሻይ ቤት አገኘነው። መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። አጠገቡ አንድም ቆጣሪ የለም። ሻይ ብቻ።

«ይቅናህ» አለው ሳጅኑ። «ስንት ቤት አነበብክ?»

እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ።

ፎቶዎቹን ከፊቱ አደረግኩለት። «ሐሙስ አሥራ ሰባት። ቅዳሜ ሁለት። ዛሬ ዘጠኝ። ወይ ቆጣሪው አብዷል፣ ወይ አንተ ዋሽተሃል።»

ሻዩን አየው። «ግምት ነው» አለ። «ባለፈው ወር የበላችውን አይና ጨምሬ እሞላለሁ። ሁሉም ይሞላል።»

«ሐሙስ አልሄድክም።»

«እዚያ ሰፈር ውሻ አለ።» ሱሪውን ሰበሰበ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነው። «ከዚያ ወዲህ መንገዱ አፍ ላይ ስደርስ እግሬ አይታዘዘኝም። ሦስት ወር ሆነኝ። ቢያውቁ ያባርሩኛል።»

«በሩን ከፈተችልኝ አልክ እኮ። ቀሚስ ለብሳ።»

«ሁሌ የምታደርገውን ነው የነገርኩሽ። ሞታለች ስትዪኝ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።»

«በአንተ ቀሚስ ሰው ታስሯል።»

ማልቀስ ጀመረ። ለማባበል ጊዜ አልነበረኝም።

*

መኪና ውስጥ ሳጅኑ ይነዳል፣ እኔ እቆጥራለሁ።

ሐሙስ የለም። ሐሙስ ከሌለ ረቡዕም የለም። በሕይወት እንዳለች የሚያውቅ የመጨረሻ ሰው እህቷ ነች፣ ማክሰኞ ከሰዓት። ስልኩ ያኔ ተዘጋ። እኛም «አኩርፋ ነው» ብለን ዋጥነው። ሾፌሩ ማክሰኞ መንገድ ላይ ነበር፣ ወረቀት አለው።

«ማክሰኞ የት ነበርክ ብለን ያልጠየቅነው ማንን ነው?»

«ከሾፌሩ ሌላ ሁሉንም» አለ ሳጅኑ።

ባለሱቁ ጋ ደወልኩ።

«ለነርሷ የተቀመጠውን ቁልፍ መቼ ነው የተቀበልከው?»

«ረቡዕ ማታ። ምንችግር ነው የሰጠኝ። ‹ሐሙስ ሰርግ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ አንዲት ሴትዮ ትመጣለች፣ ስጥልኝ› ብሎ።»

«ምን ዓይነት ቁልፍ ነው?»

«ያው ቁልፍ ነዋ። ቀይ ክር የታሰረበት።»

ሁለት ቁልፍ ብቻ። አንዱ እማማ አንገት ላይ ነው። የልብስ ሰፊዋ ቁልፍ ረቡዕ ማታ ሱቅ ውስጥ ከተሰቀለ፣ እሷ ያኔ ቁልፍ አያስፈልጋትም ነበር፣ ሞታለች። ደላላው ቁልፉን ሲቀይር ያስቀረውን ኮፒ እንዳይሰጥ ደግሞ ኮፒ እንዳለው ይታወቅበታል።

«ንዳው» አልኩ።

«እየነዳሁ ነው።»

ነርሷ ጋ ደወልኩ። አነሳች። «ዕቃ እየሸከፍኩ ነው» አለች። «ፎቶው ደረሰሽ? ለምን እንደሆነ ደላላውም ጠየቀኝ። ኢንስፔክተሯ ፈልጋው ነው አልኩት።»

«አሁን የት ነው?»

«በስልክ ነው ያወራነው። መኪናውን ይዞ—»

ከጀርባዋ በር ተከፈተ። ድምፁን ሰማሁት፣ ሞቅ ያለ፣ ሳቂታ። «ሲስተር፣ ክፍት ሆኖ ነው የገባሁት፣ ምን ችግር አለው።»

«ቆልፌው ነበር» አለችኝ። በትንፋሽ።

ሳጅኑን በእጄ ‹ፍጠን› አልኩት።

«ስሚኝ» አልኳት። «ስሜን አትጥሪ። ከመብራት ቢሮ ነኝ። ‹እሺ› ብቻ በይ።»

«እሺ።»

«ቁጥሩ አልተስማማም፣ እንደገና ይነበብ በይው። ልጅሽን ይዘሽ ግቢው በር ጋ ትሄጃለሽ።»

«ከመብራት ነው» ስትል ሰማኋት፣ ለሱ። «ቁጥሩ እንደገና ይነበብ እያሉ ነው።»

«አምጪው፣ እኔ ላናግራት» አለ። «ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።»

ስልኩ ተነጠቀ። ትንፋሹ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ሳጅኑ ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ።

«ሃሎ፣ የኔ እመቤት። የትኛዋ ነሽ?»

መስኮት ላይ የምትቀመጠዋን ልጅ አሰብኩ፣ ነርሷን የመለሰቻትን።

«ወንድሜ፣ ባለጉዳይ ነህ?»

«ደላላዋ ነኝ፣ ጉዳዩን የማስፈጽምላት—»

«ውሉ በማን ስም ነው የሚዞረው? በአንተ ነው? አይደለም። ታዲያ ምን አገባህ? ሰባት ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ባለጉዳይዋ ራሷ ታንብብ፣ ካልሆነ ፋይሉን እመልሰዋለሁ፣ በሚቀጥለው ወር ትምጣ።»

ሳጅኑ ወደ ሰፈሩ መንገድ ታጠፈ።

«ኧረ ቀስ በይ» አለና ሳቀ። «ይኸው፣ ይቺማ ከመብራት ናት፣ ስድቧ ይመሰክራል።» ስልኩን መለሰላት።

«ልጅሽን ያዢያት» አልኳት ነርሷን። «ቁጥሩ ትንንሽ ነው፣ የልጅ ዓይን ያስፈልጋል በይ።»

አለች። እግራቸውን ሰማሁት። ሲሚንቶ። ከዚያ ጠጠር። ከኋላቸው ሌላ እግር አለ? መለየት አልቻልኩም።

«ይከተልሻል?»

«አላውቅም። አልዞርም።»

«አትዙሪ። ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«አንብቢ። ጮክ ብለሽ።»

«አራት» አለች። «አራት። ዜሮ።»

«እማዬ፣ ከዚያ ዘጠኝ ነው» አለች ልጅቷ።

«የበሩን መወርወሪያ ስቢ። ቀስ ብለሽ። ውጪ። ወደ ሱቁ። እንዳትሮጪ።»

ብረት ሲንሸራተት ሰማሁ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከውስጥ፣ «ሲስተር? ሲስተር፣ ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አሁን ሩጪ» አልኳት።

*

ስንደርስ ነርሷና ልጇ ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ወለል ላይ ተጠቅልለዋል። ባለሱቁ የበሩን መቀርቀሪያ ብረት ይዞ ደጃፉን ሞልቶታል።

ምንችግር አልሸሸም። የልጅቷ አልጋ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እጁን ለካቴና ራሱ ዘረጋ።

ብዙ ሳንጠይቀው ነገረን፣ ጣቢያ እንደደረስን፣ እንደ ጨዋታ። ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ እህቷ ጋ የሄደች መስሎት ገባ። ከሱቅ ወጥታ ወደ ቤት ስትመለስ ካውያውን ሰክቶ ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘችው።

«ለምን?» አልኩት። «ለምንድነው የምትገባው?»

ጥያቄው የገረመው መሰለ። «ሃያ ዓመት ሰው ቤት አስገብቻለሁ» አለ። «እኔ ግን ቤት የለኝም፣ የሰው በረንዳ ላይ ነው የማድረው። እነሱ ሲወጡ እገባለሁ። እተኛለሁ፣ ሸሚዜን እተኩሳለሁ፣ እወጣለሁ። ማንንም አልነካሁም። እሷ ናት የጮኸችው። ገፋኋት። ደረጃው ነው የገደላት።»

«ታንከሩ ውስጥ የከተታትስ? ደረጃው ነው?»

ሸሚዙን አስተካከለ።

*

ከቦርሳው ሃያ ሦስት ቁልፍ ወጣ። እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት አለ፣ በጥሩ ጽሑፍ። «አስተማሪ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የለችም።» «ሁለት ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ባዶ።» «መበለት፣ ጠዋት ጠዋት ትወጣለች።» ሳጅኑ እያነበበ ይመዘግባል፣ እኔ ስልክ ቁጥሮቻቸውን እፈልጋለሁ።

ነርሷ ቃሏን ሰጥታ ጨርሳለች። ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝታለች፣ የሳጅኑን ኮት ለብሳ። ሾፌሩን ፈትተነዋል፣ ሲወጣ ሰላም አላለንም።

«የኔን አሳዪኝ» አለች ነርሷ።

«ማስረጃ ነው።»

«አልነካውም። ላንብበው ብቻ።»

ፈልጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። ጎንበስ ብላ አነበበች። «ነርስ። ልጅ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ብቻዋን። እናት አሥራ ሁለት ተኩል ትገባለች።»

ቀና አለች።

«ይህን ማንም አያውቅም» አለች። «ልጄ ብቻዋን እንደምትቆይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያሳፍረኛል። ለአለቃዬ እንኳን አልነገርኩም።»

«ተከታትሎሽ ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

«አይደለም። ቅዳሜ ነው የገባሁት፣ እሱ ደግሞ ሰርግ ነበር።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከመግባቴ በፊት ውል ማዞሪያ ቅጽ አምጥቶልኝ ነበር። የውሃውንም የመብራቱንም። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቀድሞ ቤት። ከታች አንድ ጥያቄ አለው፣ ‹ለንባብ ሰው ቤት የሚገኝበት ሰዓት› ይላል። አንባቢው መጥቶ በር ዝግ ሆኖ እንዳይመለስብኝ ብዬ… ልጄ ትከፍትለታለች ብዬ… በእጄ ነው የጻፍኩት።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሃያ ሦስቱን ቁልፍ አየናቸው። ሃያ ሦስት ቅጽ።

«ሌላ ቤት ስገባም ያንኑ ቅጽ ይሰጡኛል» አለች። «ምን ብዬ ልሙላው?»

«‹ሁልጊዜ ሰው አለ› በይ።»

ወደ ልጇ ዞራ አየች።

«ግን የለም እኮ» አለች።